ለውርጭ ሰሞን የመኪና በርና መስታወት፦ ሲሊኮን ስፕሬይ፣ ግሊሰሪን፣ ቫዝሊን ወይስ ሸራ?

ሱሉልታ፣ ጫንጮ፣ ሰንዳፋ ወይም ከእንጦጦ ጀርባ መኪናውን ደጅ የሚያሳድር ሰው ከጥቅምት አጋማሽ እስከ ጥር ድረስ ጠዋት ሲወጣ ዓይኑ የሚያርፈው ነጭ የለበሰው የፊት መስታወት ላይ ነው። ሱቅ ሲሄድም የሚጠይቀው የመስታወት ነገር ነው፤ ማቅለጫ ስፕሬይ፣ መፋቂያ፣ ሽፋን። የመስታወቱ ውርጭ ግን ፀሐይ ስትወጣ በራሱ ጊዜ ይሄዳል። ኪስ የሚያራቁተው በሩ ነው። የተቀደደ ጎሚኒ (በበሩ ዙሪያ ያለው ማሸጊያ ላስቲክ)፣ የተሰበረ እጀታ፣ ከመንገዱ የወጣ የመስታወት ማንሻ፣ ሁሉም የሚጀምሩት በጎሚኒውና በላሜራው መሐል ገብታ ከረጋች ትንሽ ውሃ ነው። ስለዚህ አዲስ አበባ ውስጥ የሚገኙትን ዕቃዎች የምንመዝነው አስቀድመን በሩን ያድናል ወይ ብለን ነው፤ መስታወቱ ሁለተኛ ነው።

ስልኩ 3 ዲግሪ እያለ መስታወቱ ላይ ውርጭ ቢገኝ ስልኩ አልተሳሳተም። ሰማዩ ጥርት ባለበትና ነፋስ በሌለበት ሌሊት የመኪናው ጣራና መስታወት ሙቀታቸውን ወደ ሰማይ ስለሚለቁ ከዙሪያቸው ካለው አየር ይበልጥ ይቀዘቅዛሉ። አየሩ ከዜሮ በላይ ሆኖ መስታወቱ ከዜሮ በታች ይወርዳል። ቀዝቃዛ አየር ደግሞ ስለሚከብድ ወደ ዝቅታ ይፈስሳል፤ የሱሉልታ ሜዳ ከዙሪያው ኮረብታ ይልቅ የሚመታው፣ ወንዝ ዳር ያለ ግቢ ከላይኛው ሰፈር ቀድሞ የሚነጣው በዚህ የተነሳ ነው። ክፉው ሰዓት ከሌሊቱ 9 እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። መኪናውን ከሰማዩ የሚከልለው ነገር ካለ፣ የቆርቆሮ ጥላም ይሁን ጥቅጥቅ ያለ የዛፍ ቅርንጫፍ፣ ውርጩ በአብዛኛው እዚያው ይቀራል። ጥላ ከሌለ የፊት መስታወቱን ወደ ምሥራቅ አዙሮ ማቆም ምንም አያስወጣም፤ የጠዋቷ ፀሐይ የመጀመሪያውን ሥራ ትሠራለች።

ሲሊኮን ስፕሬይ

ለበር ጎሚኒ ከሚሸጡት ሁሉ አንደኛው ይህ ነው። በቆርቆሮ የታሸገው ፈሳሽ ሲረጭ ማሟሚያው ይተንና ስስ የሲሊኮን ዘይት ጎሚኒው ላይ ይቀራል። ውሃ እዚያ አይቀመጥም፣ ተንከባልሎ ይወርዳል፤ ትንሽ ቢቀርና ቢረጋም በረዶው ጎሚኒውን አጥብቆ አይይዘውም። የዘመኑ መኪኖች የበር ጎሚኒ በአብዛኛው ኢፒዲኤም ከሚባለው ላስቲክ ስለሚሠራ ሲሊኮን አይጎዳውም። 400 ሚሊ ሊትር ገደማ የሚይዝ አንድ ቆርቆሮ ለአንድ የቤት መኪና የውርጩን ወራት ጨርሶ ይተርፋል።

ሲገዙ ሁለት ጥንቃቄ ያስፈልጋል። አንደኛ፣ የሕንጻ መሣሪያ ሱቅ ገብቶ “ሲሊኮን ስጠኝ” ያለ ሰው የሚሰጠው የመታጠቢያ ቤት መስታወት የሚታሸግበት በቱቦ ያለው ማጣበቂያ ነው። እሱን ጎሚኒ ላይ የቀባ ሰው በሩን በገዛ እጁ አጣብቆታል። “ለጎሚኒ የሚረጭ” ብሎ መጠየቅ፣ የመኪና ዕቃ ከሚሸጡ ሱቆች መግዛት ይሻላል። ሁለተኛ፣ ባለ ሱቁ “ያው ነው” ብሎ ደብሊው ዲ-40ን ሊሰጥ ይችላል። ያው አይደለም። የተለመደው ሰማያዊና ቢጫ ቆርቆሮ የነዳጅ ዘር የሆነ ዘይት ስላለበት ለዛገ ብሎን እንጂ ለበር ጎሚኒ አይመከርም፤ ኢፒዲኤም የነዳጅ ዘይት ሲነካው እየዋለ እያደረ ያብጣል፣ ይለሰልሳል። ያው ኩባንያ ለብቻው የሚሸጠው ሲሊኮን አለው፤ ቆርቆሮው ላይ “ሲሊኮን” የሚለውን ሳያነቡ አይክፈሉ።

የሲሊኮን አመሉ ሳይታሰብ መሄዱ ነው። ፍሬን ፔዳል፣ የፍሬን ዲስክ፣ መሪ፣ የፊት መስታወት ላይ ማረፍ የለበትም። መስታወት ላይ ያረፈ ሲሊኮን በሌሊት የፊት ለፊት መብራት ሲመጣ ሁሉን ነገር ያደበዝዛል፣ ዋይፐሩም እየተንጫጫ ይሄዳል። መኪናው ቀለም ለመቀባት ሊገባ ከሆነ ደግሞ ጭራሽ አይረጭ፤ ሲሊኮን የነካው ላሜራ ላይ አዲስ ቀለም እየሸሸ ዓይን ዓይን ያወጣል። ቀድሞ ተረጭቶ ከሆነ ለቀለም ቀቢው መናገር ግድ ነው።

ግሊሰሪን

ከፋርማሲ የሚገዛው፣ ሰዉ በበጋ ለተሰነጠቀ ከንፈርና ለእጅ የሚቀባው ያው ግሊሰሪን ለጎሚኒም ይሆናል። ከሲሊኮኑ በብዙ ይረክሳል፣ በየሰፈሩ ይገኛል፣ ላስቲክን አያሳብጥም። ሽቶ ያልገባበትን ይምረጡ። ንጹሕ ግሊሰሪን ወፍራምና ተለጣፊ ስለሆነ እንዳለ አይቀባም፤ ሁለት እጅ ግሊሰሪን ከአንድ እጅ የፈላና የቀዘቀዘ ውሃ ጋር ይደባለቃል፤ ለምሳሌ 100 ሚሊ ሊትር በ50። በዚህ መጠን ሲሆን ማንኛውም የአዲስ አበባ ዙሪያ ብርድ አያረጋውም። ለአራት በርና ለኋላ ክዳን ሁለት የሾርባ ማንኪያ ያህል ይበቃል።

ድክመቱም ከዚያው ከጠባዩ የሚመጣ ነው። ግሊሰሪን በውሃ ስለሚሟሟ መኪናው አንዴ ከታጠበ ታጥቦ ይሄዳል፣ እንደገና መቀባት ይጠይቃል። አቧራም ይሰበስባል፤ ጠጠር ጫኝ ሲኖትራክ በሚመላለስበት መንገድ ዳር ለሚኖር ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ተቀብቶ ሲያበቃ በደረቅ ጨርቅ መጠረግ አለበት፤ ሲነኩት የማይታይ፣ የማያጣብቅ እስኪሆን ድረስ። በእኛ ሚዛን፣ መኪናውን በየሁለት ሳምንቱ ራሱ የሚያይ ሰው ግሊሰሪን ይበቃዋል። ቀብቶ መርሳት የሚፈልግ ሲሊኮኑን ይግዛ።

ቫዝሊን፣ ግራሶና የምግብ ዘይት

ቫዝሊን በየቤቱ ስላለ ብዙ ሰው የሚጠቀመው እሱን ነው። ለአንድ ሌሊት ይሠራል፤ ውሃን ያርቃል። ግን እሱም ከነዳጅ የሚወጣ ስለሆነ በኢፒዲኤም ላይ ሲደጋገም ጎሚኒውን ያላላል፣ ልብስም ያበላሻል። አማራጭ ሲጠፋ እንጂ የዘወትር አይሁን። ግራሶ ጎሚኒ ላይ ጨርሶ አይቀባም፤ ቦታው የበሩ ማጠፊያና መቆለፊያው ነው። የምግብ ዘይት የሚቀቡም አሉ፤ ከርሞ ይጠጥራል፣ ይሸታል፣ አይጥም ይጠራል።

አቀባቡ

ጥሩ ዕቃ ተገዝቶ ውጤቱ የሚጠፋው እዚህ ላይ ነው። በርጥብና በአቧራማ ጎሚኒ ላይ የተረጨ ሲሊኮን ውሃውን ከሥሩ ያሽገዋል እንጂ አያስወጣውም። ሥራው ከሰዓት በኋላ፣ ከ8 እስከ 10 ሰዓት ባለው ጊዜ መኪናው ፀሐይ ላይ እያለ ይሠራ። ጎሚኒው በለብታ ውሃና በጥቂት የገላ ሳሙና በረጠበ ጨርቅ ይጠረጋል፤ ላርጎና በረኪና አይንኩት። እጥፋቱ ውስጥ ጣት አስገብቶ መጥረግ ያስፈልጋል፤ አሸዋው የሚደበቀው እዚያ ነው። ከዚያ ጎሚኒው የሚያርፍበት የላሜራው ጠርዝም ይጠረጋል፤ አብዛኛው ሰው ይህን ይረሳል፣ በረዶው ግን የሚይዘው ሁለቱን አንድ ላይ ነው። በሮቹ ተከፍተው ግማሽ ሰዓት ይድረቁ።

ስፕሬዩ በቀጥታ መኪናው ላይ አይረጭም። ጨርቅ ወይም ስፖንጅ ላይ ይረጭና በጎሚኒው ዙሪያ ይጎተታል፤ ከላይ ጀምሮ፣ በማጠፊያው በኩል ወርዶ፣ ከታች ዞሮ። የታችኛው ጥግ ሁለቴ ይታሸ፣ ውሃ የሚጠራቀመው እዚያ ነው። አሥር ደቂቃ ቆይቶ ትርፉ በደረቅ ጨርቅ ይነሳል። መስታወቱ ለሚንሸራተትበት ጎሚኒ ብቻ ከስፕሬዩ ጋር የሚመጣውን ቀጭን ቱቦ ሰክቶ፣ መስታወቱን እስከ ታች አውርዶ፣ በግራና በቀኙ ቦይ አጭር አጭር መርጨት፤ ከዚያ መስታወቱን ሦስት አራት ጊዜ ከፍ ዝቅ ማድረግና መስታወቱ ላይ የቀረውን መጥረግ። በየወሩ መድገም ይበቃል።

ላቫጆ የሚያመጣው ጣጣ

በውርጭ ሰሞን በጣም መጥፎው ልማድ መኪናን ማታ 12 ሰዓት አሳጥቦ ደጅ ማሳደር ነው። በግፊት የሚረጭ ውሃ ዝናብ የማይደርስበት ቦታ ይገባል፤ የቁልፍ ቀዳዳ፣ የእጀታ ውስጥ፣ የጎሚኒ እጥፋት። ላዩ በጨርቅ ቢደርቅም ውስጡ ርጥብ ነው። ውሃ ሲረጋ መጠኑ በ9 በመቶ ገደማ ስለሚጨምር ቀድሞ የተሰነጠቀ ጎሚኒን ይበልጥ ይከፍተዋል። መታጠብ ካለበት እስከ ቀኑ 7 ሰዓት ይታጠብ፣ ከዚያም በሮቹንና የኋላ ክዳኑን ከፍቶ ጠርዙን ማድረቅ። አጣቢዎቹ ከሥር ናፍጣ ወይም የተቃጠለ ዘይት ሊረጩ ሲነሱ በሮቹ ግጥም ብለው መዘጋታቸውን ይዩ፤ ናፍጣ ለጎሚኒ ጠላት ነው።

አንድ ሌላ ነገር፦ በየበሩ የታችኛው ጠርዝ ላይ ውሃ የሚወጣባቸው ትናንሽ ቀዳዳዎች አሉ። በክረምት ጭቃ ይደፍናቸዋል፣ በበጋ ደርቆ ሲሚንቶ ይሆናል። በሩ ሲወዛወዝ የውሃ ድምፅ ከተሰማ ተደፍነዋል ማለት ነው። በእንጨት ስንጥር ወይም በፕላስቲክ ማሰሪያ ጫፍ ይከፈታሉ፤ በሽቦ ወይም በቢላ ከሆነ ቀለሙ ይላጥና ዝገት ይጀምራል። ይህ ሳይሠራ የሚቀባ ማንኛውም ሲሊኮን ገንዘብ ማባከን ነው።

የመስታወት ሽፋን

ከውጭ የሚመጡት ባለ ማግኔትና ባለ ጆሮ ሽፋኖች ይሠራሉ፤ መርካቶ በልክ ከሚሰፋ የፕላስቲክ ሸራ ይበልጣሉ ብለን ግን አናምንም። ሽፋኑ ሥራውን የሚሠራው መስታወቱን ከሰማይ በመከለል ስለሆነ ውድነቱ ለውጥ አያመጣም። በሁለት የታጠፈ ንጹሕ የማዳበሪያ ከረጢትም ያንኑ ይሠራል። የማይሆነው ውሃ የሚመጥ ነገር ነው፤ ብርድ ልብስ፣ ጋቢ፣ ፎጣ፣ ጋዜጣ። ጤዛውን ጠጥቶ ከመስታወቱ ጋር ይረጋል፣ ጠዋት ሲነሳ ግማሹ እዚያው ይቀራል። ደረቅ ካርቶን ለአንድ ሌሊት ይሆናል።

ልኩ ከመስታወቱ በየጎኑ 20 ሳንቲም ሜትር ቢያልፍ ጥሩ ነው፤ የታችኛው ጫፍ ዋይፐሮቹን ይሸፍን። ብዙዎቹ ሽፋኖች የጎን ክንፋቸው በሩ ውስጥ ተይዞ እንዲዘጋ ሆነው ይሰፋሉ። ሽፋኑን ከሌባ ለማዳን ይህ ጥሩ መላ ነው፤ ለጎሚኒው ግን መጥፎ። የተያዘው ጨርቅ በጎሚኒውና በላሜራው መሐል ክፍተት ይፈጥራል፣ ጤዛውም በዚያ በኩል ወደ ውስጥ ይሰርጋል፤ መስታወቱን ያዳነ ሽፋን በሩን ያጣብቃል። ግቢው አጥር ካለው ክንፉን በግራና በቀኝ ባሉት የኋላ ማያ መስተዋቶች ላይ በላስቲክ ማሰር ይሻላል። የግድ በር ውስጥ የሚያዝ ከሆነ ክንፉ ከስስ ፕላስቲክ ይሁን። ማግኔት ያለውን ሲያነሱ አይጎትቱ፤ ከሥሩ ያለው አሸዋ ቀለሙን ይጭረዋል።

ማቅለጫ

በቆርቆሮ የሚሸጠው የበረዶ ማቅለጫ ለእኛ አገር ብርድ ትርፍ ነው። ዋና ሥራውን የሚሠራው አልኮል ነው፤ አልኮል ደግሞ ፋርማሲ አለ። ሁለት እጅ 70 በመቶ አልኮል ከአንድ እጅ ውሃ ጋር በግማሽ ሊትር መርጫ ጠርሙስ ይደባለቃል። ከላይ ወደ ታች ረጭቶ አንድ ሁለት ደቂቃ መጠበቅ፣ ከዚያ በፕላስቲክ መፋቂያ መግፋት። ሳይረጩ ሲፋቅ ጉዳቱን የሚያመጣው በረዶው ሳይሆን ከበረዶው ሥር ያለው የበጋ አቧራ ነው፤ መስታወቱን በመስመር በመስመር ይጭረዋል። የብረት መፋቂያና ቢላ አይታሰብም። ድብልቁ እሳት ይይዛል፤ ሲጋራ የያዘ ሰው አጠገብ አይረጭ፣ መኪና ውስጥም ፀሐይ ላይ አይተው። ጎሚኒ ላይ በየቀኑ ካረፈ ያደርቀዋል። ጄል ሳኒታይዘር መስታወቱን አንጸባራቂ ሙጫ ስለሚያለብስ አይሆንም። ኮምጣጤና ጨው ደግሞ ጭራሽ፤ ጨው ላሜራውን ይበላል።

የመስታወት ማጠቢያው ገንዳም ንጹሕ ውሃ ከሆነ ቀዳዳው ላይ ይረጋል። ለሦስት ሊትር ውሃ አንድ ሊትር 70 በመቶ አልኮል ከተጨመረበት ለዚህ አካባቢ ብርድ ይበቃዋል።

የፈላ ውሃ መድፋት አሁንም በየግቢው አለ። የፊት መስታወት መሐሉ ፕላስቲክ የገባበት ሁለት ንጣፍ ነው፤ ጠጠር የመታው ትንሽ ጉድፍ ካለበት በድንገተኛ ሙቀት ከዳር እስከ ዳር ይሰነጠቃል። የጎን መስታወት ደግሞ አንዴ ከሄደ ፍርክስክስ ይላል። ሳይሰበር ቢቀር እንኳ ውሃው ወርዶ በሩ ሥር እንደገና ይረጋል።

በሩ ጠዋት ካልተከፈተ

እጀታውን በኃይል መሳብ የመጨረሻው ስህተት ነው። ፕላስቲክ እጀታ በብርድ ይሰባበራል፤ እጀታው ከቻለ ደግሞ ጎሚኒው ከቦታው ተነቅሎ ይመጣል። መጀመሪያ በሩን ወደ ውስጥ መግፋት ነው፤ በመዳፍ ወይም በዳሌ፣ ከእጀታው በላይ፣ ከሥር፣ በጥጉ፣ በየቦታው አራት አምስት ጊዜ። በረዶው ሲጨመቅ ይሰነጠቃል። ካልሆነ ፀሐይ የመታውን በር ወይም የኋላ ክዳኑን መሞከር፣ ገብቶ ሞተር አስነስቶ ውስጡን ማሞቅ። የአልኮሉን ድብልቅ በበሩ ስንጥቅ ዙሪያ ጥቂት መርጨትም ይረዳል።

በሩ ከተከፈተ በኋላ መስታወት ለማውረድ አይቸኩሉ። ማንሻውን ተጭኖ መስታወቱ ካልተንቀሳቀሰ ወዲያው መልቀቅ ነው። ሞተሩ እየጎተተ መስታወቱ ከተያዘ የሚሰበረው መስታወቱን የሚይዘው ትንሽ ፕላስቲክ ነው፣ ወይም ሽቦው ከመዘውሩ ይወጣል፤ የበሩ ልባስ ሳይፈታ አይጠገንም። ዋይፐርም እንዲሁ። ማታ ሞተር ከመጥፋቱ በፊት ዋይፐሩ መጥፋቱን ያረጋግጡ፤ አለዚያ ጠዋት ቁልፉ ሲዞር የተጣበቀውን ላስቲክ ይጎትታል፣ ወይ ላስቲኩ ይቀደዳል ወይ ፊውዙ ይሄዳል። መስታወቱ ከውስጥ በኩል ከነጣ ችግሩ ርጥብ ምንጣፍ ነው፤ ሙቀቱንና ኤሲውን አብሮ ከፍቶ አየሩን ከውጭ ማስገባት ያደርቀዋል።

ቁልፍ በላይተር አሞቆ ማስገባት የድሮ መኪና ብልሃት ነበር። የአሁኑ ቁልፍ ራስ ውስጥ ሞተሩን የሚያስነሳው ቺፕ አለ፤ እሱ ከተቃጠለ በሩ ተከፍቶም መኪናው አይነሳም።

በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ የቤት መኪና እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ በዙሪያው ሰፈሮች የኤሌክትሪክ መኪና በዝቷል። ከእነሱ አንዳንዶቹ እጀታቸው ከላሜራው ጋር እኩል ሆኖ ይገባል፣ ሲፈለግ ይወጣል። ይህ እጀታ ከሁሉም ቀድሞ የሚይዘው ነው። በጥፍር ወይም በጠመንጃ መፍቻ መፈልቀቅ አይገባም፤ ዙሪያውን በእጅ ጎን ቀስ እያሉ መምታት፣ ከዚያ አንዱን ጫፍ መግፋት። ቻርጅ ላይ እንደተሰካ ከመውጣትዎ 15 ደቂቃ በፊት በስልክ መተግበሪያው ማሞቅ ከቻለ ግን ይህ ሁሉ ልፋት ይቀራል፤ ኃይሉም ከባትሪው ሳይሆን ከመስመሩ ይሄዳል። የቻርጅ መሰኪያው ክዳን ጎሚኒም ሲሊኮን አይነፈገው።

ጎሚኒው አስቀድሞ ከሄደ

የተቀደደ ወይም ጠፍጥፎ የቀረ ጎሚኒ የትኛውም ቅባት አያነሳውም። መፈተኛው ቀላል ነው፤ አንድ ወረቀት በበሩ መሐል አድርጎ መዝጋትና መሳብ። ያለ ምንም መያዝ ከወጣ እዚያ ቦታ ላይ ውሃም አቧራም ይገባል። ሶማሌ ተራ ለተለመዱት የቶዮታ ሞዴሎች አዲስም ያገለገለም ይገኛል። ያገለገለ ሲገዙ ጎሚኒውን በሁለት ጣት ጨምቀው ይልቀቁት፤ ወዲያው ካልተመለሰ ይተውት። በሜትር የሚሸጠው ሁሉን አቀፍ ጎሚኒ ርካሽ ነው፤ ግን ውፍረቱ ከበሩ ጋር ካልገጠመ በሩ በጉልበት ካልሆነ አይዘጋም፣ ማጠፊያውም ይወርዳል። ስለዚህ ከአሮጌው ላይ አሥር ሳንቲም ሜትር ቆርጠው ይዘው ይሂዱ፤ ባለ ሱቁ ከጎኑ አድርጎ ያስተያየው። ሲገጠም መጋጠሚያው ከበሩ ሥር መሐል ላይ እንጂ ጥግ ላይ እንዳይውል ለገጣሚው አስቀድመው ይንገሩት።